ከኮረብታው ግርጌ የምትጣራው ሴት

ኑርቢቢ ልጇን ከቤት ውጭ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ምሳ ሲደርስ ደጃፏ ላይ ቆማ የድስት ክዳን በጭልፋ ትመታለች፤ ልጁም ከጥጥ ማሳው ጫፍ ይሁን ከቦዩ ዳር ያንን ድምፅ ሲሰማ እየሮጠ ይመጣል። የሰፈሩ ልጆች «ዱርዲ፣ ክዳንህ ጠራችህ» እያሉ ያበሽቁት ነበር። ጎረቤቷ አማንጉል አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አሻግራ፣ «አንቺ፣ ይሄ ልጅ ስም የለውም እንዴ? ወይስ ለበዓል ነው ያስቀመጥሽለት?» አለቻት። ኑርቢቢ ፈገግ ብላ ክዳኑን ይዛ ገባች። አማንጉል ጥያቄውን ያመጣችው ለነገር ነው እንጂ መልሱ ጠፍቷት አይደለም። መልሱን የማታውቅ ሴት በእኛ ሰፈር አልነበረችም።

ነገሩ የመጣው ከአርባዎቹ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ከከተማችን ከኩንያ ኡርጌንች ቤቶች ወጣ ብሎ፣ ጨው ባነጣው ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሰው አፈር ከምሮ ሊመለስበት የተወው ይመስላል። ዝናብ በጣለ ማግስት ከጎኑ አጥንት ብቅ ይላል። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ይህ ሜዳ የሆሬዝም ነገሥታት መቀመጫ ነበር፤ መጽሐፍ ለማንበብ ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣበት ከተማ። የሞንጎል ጦር ሲመጣ ንጉሡ ቀድሞ ሸሽቶ አንዲት የባሕር ደሴት ላይ ሞቷል። ሕዝቡ ግን አልሸሸም፤ ለወራት በየመንገዱና በየቤቱ ተዋጋ። በመጨረሻ የተረፈውን ወደ ሜዳ አስወጥተው ባለሙያውን ለብቻ ለዩት። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ አናጢው ወደ ምሥራቅ ተነዳ። ያልተለየው እዚያው ታረደ። ወንዙንም በከተማይቱ ላይ ለቀቁባት። አርባ ሊቃውንት ከነተማሪዎቻቸው ከኮረብታው ሥር እንዳሉ ይነገራል። አሮጊቶቻችን ግን ቁጥሩን አይቀበሉም። አርባ የተባሉት ስም የነበራቸው ናቸው፤ ሌላው ማን ይቁጠረው ይላሉ። ያ ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ሙያው እስኪጠራ እየጠበቀ፣ ሳይጠራ የቀረ ነው። ስለዚህ አሁን እሱ ይጣራል ይላሉ።

ልጅ ያጣች ሴት ወደዚያ ኮረብታ ትወጣለች። አናቱ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ ታች ትንከባለላለች። ግርጌው ላይ ስታርፍ እንደተጋደመች ዓይኗን ሳትገልጥ ትጠብቃለች። እዚያ አንዲት ሴት ቆማ በአባቷ ቤት ስም ትጠራታለች፤ በባሏ ቤት ያ ስም አይነሳም፣ ሁሉም «ሙሽሪት» ነው የሚላት። «አቤት» ብላ ትነሳለች። ሳትጠራ መነሳት የለም። ከአናቱ ከተለቀቀች እስክትጠራ ድረስ እጅ አይነካትም። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ኑርቢቢ ትራክተር ነጂውን ቻሪን አግብታ ዓመታት አለፉ፤ ልጅ አልመጣም። አማቷ ኦጉልሶልታን ኩሩ ሴት ነበረች፤ የቤቷን ችግር ጎረቤት እንዲሸተው አትወድም። ስለዚህ ነፋስ በበዛበት የጸደይ ማለዳ ምራቷን ብቻዋን ይዛት ወጣች። ሁለተኛ ሴት አላስከተለችም። ስህተቱ ይህ ነበር። አንዷ ከላይ አስተኝታ የምትሰድድ፣ አንዷ ከታች የምትጠራ ያስፈልጋል፤ ኦጉልሶልታን ግን ሁለቱንም እኔው አደርገዋለሁ አለች። አናቱ ላይ ኑርቢቢን አስተኛቻት፤ «ቢስሚላህ» ብላ ሰደደቻት፤ ከዚያ ዱላዋን ተመርኩዛ በፍየል መንገዱ መውረድ ጀመረች። ጉልበቷ ደግሞ እንደ ኩራቷ አልነበረም።

ኑርቢቢ ግርጌው ላይ ስታርፍ አፏ አፈር ሞልቶት ነበር። ሰማዩ ገና እየዞረባት ሳለ ስሟን ሰማች። ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፣ ከቅርብ የመጣ ድምፅ ነበር።

«አቤት» ብላ ተነሳች።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊት ለፊቷ ማንም የለም። ኦጉልሶልታን ከኮረብታው ወገብ ላይ ደረቷን ይዛ ቆማለች።

«ማን ተነሺ አለሽ?» አለች አማቷ ከላይ።

«እርስዎ ጠሩኝ እኮ።»

«እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው የቆምኩት። አልጠራሁሽም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ «አቤት አልሽ?»

«አልኩ።»

አሮጊቷ በቆመችበት ቁጭ አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ይህን ነገር ለሰው እንዳትናገር ምራቷን አስማለቻት። ራሷ ግን ሳምንት ሳይሞላ ለአማንጉል እናት ነገረቻት፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ጆሮ አልነበረም።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። እንዲቆይላት ብላ ኑርቢቢ ዱርዲ አለችው፤ ቆየ ማለት ነው። ሴቶቹ ልጁን ሊያዩ ሲመጡ ዳቦና ጨርቅ እያስቀመጡ ፊቱን አገላብጠው ያዩታል፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ኮረብታው ጋ የጠራት አንድ ቀን ልጁን ሊወስድ ይመጣል ይባል ነበር። ኦጉልሶልታን አልጋ ላይ በዋለችበት ክረምት ምራቷን አስጠግታ፣ «ስሙን ሜዳ ላይ አትጥሪ፤ ያንቺን አንዴ አውቀውታል፤ የእሱን አትስጫቸው» አለቻት። ሌላ ኑዛዜ አልተናገረችም።

ከቀብሩ በኋላ ኑርቢቢ ወደ ኮረብታው መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ የምትለው እናቴ ናት። ሁለት እህትማማቾች መጥተው፣ አንዷ ወርዳ ተኝታ ሳለ ሌላዋ የእህቷን ቀሚስ አይታ በሳቅ ፈርሳ መጣራቱን ረሳችው። ኑርቢቢ ከመንገዱ ዳር እየሮጠች መጥታ፣ የልጅቷን ስም ከእህቷ በችኮላ ጠይቃ ተጣራች። ከዚያ ወዲህ በእኛ ወገን ያለች ሴት ያለ እሷ አልተንከባለለችም። ወደ መካነ መቃብር መሄድን መንግሥት በከለከለባቸው ዓመታት ሴቶቹ ማጭድና ገመድ ይዘው እሾህ ሊለቅሙ የወጡ መስለው ይሄዱ ነበር፤ እሷም ማጭዷን ይዛ ትገኛለች። ድምፅዋ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነበር። ሴትየዋ ተንከባልላ ሳትጨርስ ስሟ ይደርሳታል።

ግርጌው ላይ ሳቅም አይጠፋም ነበር። አንዲት ሰፊ ሴት መንገዷን ስታ እሾህ ውስጥ ገብታ ኑርቢቢ ስትጠራት፣ «አቤት፤ እሾሁ ግን አልለቅሽም እያለኝ ነው» ማለቷ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችን ሌላ ሴት አማንጉል፣ «ተይው እንጂ፣ ኮረብታው አንቺን ሲያይ መሸሽ ጀምሯል» ብላታለች። እናቴም በኑርቢቢ ድምፅ ከተነሱት አንዷ ናት፤ እኔ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ኑርቢቢ ግን ከሳቁ ውስጥ አልነበረችም። እናቴ አንድ ቀን አብራት ቆማ ለምን እንዲህ እንደምትቸኩል ጠየቀቻት። ሴቷ ታች ስታርፍና እኔ ስጣራ መካከል አንድ ሰው ሊናገር ትንፋሽ ሲስብ እሰማለሁ አለቻት። እንደ ተራ ነገር ነበር የነገረቻት፤ ወዲያው ስለ ዱቄት ዋጋ ማውራት ቀጠለች።

ዱርዲ አደገ፤ የቦይ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ፤ ከታሻውዝ ከተማ ማይሳ የምትባል ልጅ አገባ። ማይሳ እንደ ደንቡ የሻሽዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ በአማቷ ፊት ድምፅ ሳታሰማ ትኖር ነበር፤ ከሴቶች ጋር ለብቻዋ ስትሆን ግን ያቺን ዝምተኛ የሚያውቅ አያምናትም። ቧልተኛ ነበረች። ዓመታት ሄዱ፤ ልጅ አልመጣም፤ ቧልቷም እየቀነሰ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ኑርቢቢ ታመመች። ጉሮሮዋ ላይ በወጣው እባጭ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ከአፏ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ፤ ያንንም ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ኮረብታው ጋ መሄዷን ተወች። ማይሳ በእናቴ በኩል ውሰዱኝ ብላ ባስለመነች ቁጥር ኑርቢቢ አይሆንም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ማይሳ ሌላ ድምፅ ሰምታ አቤት ካለች፣ አማቷ ዕድሜ ልኳን የተሸከመችው ወደ እሷ ያልፋል። የሚወለደው ልጅም የዱርዲ ነው። ኑርቢቢ ያን ሁሉ ዓመት ክዳን ስትመታ የኖረችው ለከንቱ ይሆናል።

ነገሩን የቆረጠችው የኑርቢቢ ባል የቻሪ እህት ናት። ሻይ ልትጠጣ መጥታ፣ ማይሳ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በቆመችበት፣ ዱርዲ ገና ወጣት ነው፣ ሌላ ሙሽራ ቢያመጣ ማን ይወቅሰዋል አለች። እንግዳዋ ከወጣች በኋላ ማይሳ የሻሽዋን ጫፍ ከጥርሷ ለቀቀች። በዚያ ቤት ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«እናቴ፣ ከዚህ ቤት አስወጥተው ከሚሰዱኝ እዚያ አፈር ላይ ብቀር ይሻለኛል። እርስዎ ካልመጡ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ኑርቢቢ አተኩራ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች።

እናቴ አብራ ሄደች። በመንገድ ላይ፣ «እትዬ፣ እኔ ልጥራት እንጂ፣ ድምፅ አለኝ» ብላ ለመነቻት። ኑርቢቢ አልተቀበለችም። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ የሰማችው፣ «እኔን ያውቁኛል፤ ሁለተኛ ሰው አይወቁ» የሚል ነበር። የምትቆምበትን አስባ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሌም የሚያርፉበት ረባዳ ቦታ አጠገብ ትጠብቅና፣ ማይሳ እንዳረፈች ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ትጠራታለች። ስለዚህ እናቴ ወደ ላይ ወጣች፤ ኑርቢቢ ከታች ቀረች።

ያን ዓመት ዝናቡ የኮረብታውን ጎን ሸርሽሮት ነበር። ማይሳ ከወገቡ ስትደርስ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ያዛትና ወደ ሌላው ጎን ወሰዳት፤ አማቷ ከቆመችበት በጣም ርቃ አረፈች። እናቴ ከላይ ሁለቱንም ታያለች። ማይሳ እጇን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች። አሮጊቷ ጨዋማው አፈር እየከዳት፣ አፏን ከፍታ ትሮጣለች፤ ከአፏ ግን የሚወጣ ነገር የለም። እናቴ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ወዲያው ደግሞ ከላይ የመጣውን ድምፅ ማይሳ የማን ብላ ትወቀው ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ነፋሱ እንኳ ያኔ ቆሞ ነበር ትላለች።

ኑርቢቢ ደረሰች። ማጎንበስ አቅቷት በጉልበቷ ወደቀች፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አፈሩ ላይ ተዘርግታ አፏን ወደ ማይሳ ጆሮ አስጠጋች።

«አቤት» አለች ማይሳ፤ ዓይኗን ገልጣ ተነሳች። አማቷን ደግፋ ያነሳቻትም እሷ ናት።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ከጥጥ ማሳው ጫፍ ሲደርሱ ማይሳ፣ ሻሽዋን ሳትነክስ፣ ድንገት ጠየቀች።

«እናቴ፣ ሁለቴ ለምን ጠሩኝ?»

ኑርቢቢ ቆመች።

«መጀመሪያ ገና እንዳረፍኩ ጠሩኝ፤ በድሮው ድምፅዎ። ግን እርስዎ አሁን እንዲህ ዓይነት ድምፅ የለዎትም ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ በጆሮዬ ጠሩኝ። ትንፋሽዎን ስሰማ ነው የተነሳሁት።»

ኑርቢቢ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ላይ ጣቶቿ ወዲያ ወዲህ እያሉ ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ ኮረብታውን አየች። እናቴ የዚያን ዕለት ፊቷን መናገር አትችልም፤ ስትጠየቅ ሌላ ነገር ታወራለች። ከዚያ አሮጊቷ የማይሳን ክንድ ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

ማይሳ ሴት ልጅ ወለደች። ኑርቢቢ የልጅ ልጇ ግድግዳ ይዛ መሄድ እስክትጀምር ቆየችና በእንቅልፏ ሞተች።

ዛሬ ከኮረብታው ግርጌ የምትቆመው ማይሳ ናት። አሠራሩን ትንሽ ለውጣዋለች። ልትንከባለል የምትመጣውን ሴት መጀመሪያ ቤቷ ታሳድራታለች፤ ዳቦ ትቆርስላታለች፣ ታጫውታታለች፣ ስሟን በየምክንያቱ እየጠራች ድምፅዋን ታለምዳታለች። ጠዋት ኮረብታው ጋ ሲደርሱ የመጨረሻው ምክር ይሰጣል። ሌላ ድምፅ ሊመጣ ይችላል፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ደግ የሴት ድምፅ ትላቸዋለች።

«የአማቴ ነው» ትላለች። «አትፍሩት። ግን አቤት እንዳትሉት።»