ልጄን ከገደል ያወጣቻት ሴት

ይህ የሆነው አምና በጥቅምት ነው። ልጄ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተርፋለች፤ አንዴ ከገደል፣ አንዴ ከባል። ስለዚህ አልረሳውም።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄን ብቻዬን አሳድጌ አስተማርኳት፤ የመንግሥት ሥራም ያዘች። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ ኢንጂነር ሽማግሌ ላከባት። የአባቷ ወንድም ሽማግሌዎቹን ተቀበለና፣ እንደ ወጉ፣ መልሱን በሌላ ቀን መጥተው እንዲሰሙ ቀጠራቸው። የልጄ ልብ ወደ እሺታው ያዘነብል ነበር። እኔም ክፉ አላየሁበትም።

ቀጠሮው ሳይደርስ ሰውዬው፣ አንኮበር ሄደን ሸለቆውን በእግር እንይ አለ። ሃይኪንግ ይለዋል። መልስ ሳይሰጠው ሁለቱን ብቻቸውን መልቀቅ አልወደድኩም። እኔም እመጣለሁ አልኩ።

"ማዘር፣ መንገዱ ይከብድዎታል" አለኝ።

"ግዴለም፣ ፀበል ስወርድ ለምጄዋለሁ" አልኩት።

ሁለት ምርኩዝ፣ ጥቁር መነጽርና ውኃ የሚጠባበት ቱቦ ያለው ቦርሳ ይዞ መጣ። ላየው ጦር ሜዳ የሚዘምት ይመስላል። ቁልቁለቱን ስንወርድ የወጣቸውን ተራሮች ሁሉ ሲዘረዝርልን ነበር። ወንዙ ከታች እንደ ክር ይታያል፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ይነሣል። የፈጠረው ይመስገን፣ ውብ አገር ነው። እሱ ግን አገሩን ያየው በስልኩ ውስጥ ነው።

መንገዱ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ልጄን ለፎቶ አቆማት። "ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወንዙ እንዲገባልኝ" አላት። ሣሩ ገና ርጥብ ነበር። እግሯ ከዳትና ቁልቁል ሄደች።

የያዛት ቁጥቋጦ ነው። ከእኛ አንድ ቤት ያህል ዝቅ ብላ ተንጠልጥላ ቀረች። ከሥሯ ባዶ ነው። እኔ በሆዴ ተኝቼ ነጠላዬን ሰደድኩላት፤ አልደረሰም። ዞር ብዬ አየሁት። ከመንገዱ ወዲያ ያለው ቋጥኝ ላይ ተለጥፏል።

"ማዘር፣ እኔ ኪሎዬ ከባድ ነው። አፈሩ አይችለኝም" አለኝ።

እመብርሃንን ጠራሁ። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም።

ከታች አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች ትመጣ ነበር። ከቆላ ማሽላ ጭና ገበያ የምትወጣ እስላም ናት። ጩኸቴን ሰምታ ሮጠች፤ አንዴ ወደ ታች አየችና ምንም ሳትጠይቅ የጭነቷን ገመድ ፈታች። ሁለቱም ጆንያ መሬት ወደቀ፤ አንዱ ተቀዶ ማሽላው ተበተነ። ገመዱን በአንድ የወይራ ግንድ አዙራ ለልጄ ወረወረችላት።

"እህቴ፣ በብብትሽ አዙረሽ እሰሪው። ወደ ታች አትዪ፣ እኔን እዪኝ!" አለቻት። ወደ ሰውዬው ዞረችና፣ "አንተ ባለመነጽሩ! ለምስክርነት ነው የቆምከው? ና ያዝ!" አለችው።

መጣ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከመሐል ሆንን፤ እሱ ከሁለታችንም ኋላ፣ ከገደሉ ርቆ የገመዱን ጫፍ ያዘ። እሷ ቢስሚላሂ፣ እኔ በስመ አብ እያልን ሳብን። ልጄ እጇ ተልጦ፣ ቀሚሷ ተቀዶ ወጣች። አቅፌያት አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ላቧን እየጠረገች ወደ ሰውዬው በአገጯ አመለከተችና፣ "ባሏ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ ገና ነው።"

"አልሐምዱሊላህ በይኛ!" አለች።

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ከዚያ ማሽላውን ከሣሩ ውስጥ መልቀም ጀመርን። ልጄም በደማ እጇ ትለቅማለች። እሱ ኔትወርክ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላል። "አፈር ነክቶታል እኮ፣ ተዉት" አለን። የሰው እህል ነው ተዉት የሚለን! ይባስ ብሎ በጫማው እየረገጠው አለፈ። ጎንበስ አላለም። ፍርሃቱን ይቅር ብዬው ነበር፤ ነፍስ ትፈራለች። የጎደለው ግን ድፍረት ብቻ አልነበረም።

ሴትዮዋን ስሟን ጠየቅኋት። ዘሀራ ትባላለች። ጆንያውን አስረን ጫንንላት። እጇን ልስም ስል ቀማችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለጓደኛው ደወለ። "ባልጎትታት ኖሮ አልቆላት ነበር" ሲል ሰማነው። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ቤት ከገባን በኋላ፣ "እማ፣ ማሽላውን ሲረግጠው አየሽው?" አለችኝ።

"አይቻለሁ።"

"በቃ" አለች።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ትልቁ፣ "ልጃችን ልጃችሁን ከሞት አፍ አውጥቷታል። ከዚህ ወዲያ እኛ ምን እንጨምር?" አሉ። አጎቷ ሁሉንም ነግሬው ስለነበር አንገቱን ደፋ፤ ሳቁን ሊደብቅ ነው። በወጉ የምመልሰው እኔ አልነበርኩም፤ ግን አላስቻለኝም።

"አባቶቼ፣ ልጄን ያወጣቻትን ሰው አውቃታለሁ። እሷ ሽማግሌ አልላከችም" አልኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ለእኛ የነገረን በሌላ መልክ ነው" አሉ። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠይቀው፣ ልጄን መርቀው ሄዱ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ያዘንኩት ለእነሱ ነው።

ንስሐ አባቴ ሰውን መናቅ ኃጢአት ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ለእሱም እንድጸልይ አዘውኛል፤ እጸልያለሁ፣ ግን አጭር ነው። ለዘሀራ ረዘም አደርገዋለሁ። በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ አንኮበር ወጥቼ ፈልጌያት አላገኘኋትም። የት እንዳለች እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከነቤተሰቧ ይጠብቅልኝ።

ጎረቤቶቼ እስካሁን ያዝኑልኛል። "እንዲህ ያለ የተማረ ሰው እጃችሁ ገብቶ! ደግሞ መቼ ታገኛለች?" ይላሉ። ልጄ ማታ ከሥራ ስትገባ በሩ ሲከፈት እሰማለሁ፤ አማትቤ አመሰግናለሁ። እንደሱ ያለውን ከሆነ ባታገኝም ግድ የለኝም።