ወደ ግራ የሚጠብቅ ዳዶ

ባሌ አናጢ ነው። የሚወዛወዝ ወንበር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሰው ቤት በእንግድነት ተጠርቶ እንኳ ጠረጴዛ ስር ገብቶ ቡሎን ሲያጠብቅ አግኝቼዋለሁ። ይህን አመሉን እወደዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን በዚሁ አመሉ እናቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

እናቴ ከድንበሩ ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ጋምቤላ መጥተሽ ቢያንስ ክረምቱን ከእኛ ጋር ክረሚ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኳት። መልሷ ሁሌም "የሰው ቤት አይመቸኝም" ነው። የልጇ ቤት ለእሷ የሰው ቤት ነው እንግዲህ! በዚያ ዓመት ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ በዘመድ ስልክ ደወለች። በገበያው ቀን ወንዙን በጀልባ ተሻግሬ ድንበሩ ላይ ያለችው ማታር እጠብቅሻለሁ፤ ገበያው ሲበተን ካልደረስሽ በመጣሁበት እመለሳለሁ አለችና ዘጋችው። እናቴን አውቃታለሁ፤ አንዴ ከተመለሰች ሁለተኛ በልመና አትመጣም። ደግሞ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ከገባ የማታር መንገድ ጭቃ ብቻ ነው፤ መኪና አያልፍበትም።

የሚወስደን ጎረቤታችን ነበር፤ ከጅማ መጥቶ እዚሁ ያረጀ ባለሱቅ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ሁለት የጭነት መኪናዎች አሉት፤ አንዱን ራሱ ይነዳል። ማታር ላለ ደንበኛው ጨውና ሳሙና ስለሚያደርስ መንገዱ አንድ ሆነልን። ጠዋት በራችን ላይ ሲያቆም የፊት ግራ ጎማው ያጉረመርም ነበር።

"ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግራሶ ጠምቶታል" አለ። "ከፍቼ አጥቤ ላጠጣው፤ ወዲያው እንነሳለን።" ክሪኩን ከስር አስገባና ግራሶ ሊያመጣ ወደ ሱቁ ሄደ።

ባሌ እጁን አጣጥፎ መቆም አያውቅም። "እስኪመጣ የጎማውን ዳዶዎች ላላላለት" አለ። የጎማ መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ በሁለት እግሩ ወጣበት። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ዘለለበት። ጧ! ዳዶው ቡሎኑን ቆርጦ ይዞ ወደቀ። "ዝጎ ነው" አለኝ ላቡን እየጠረገ፣ ወደሚቀጥለውም ዞረ። ጧ! "ይሄም ዝጓል።" ሦስተኛውን ሲቆርጠው ጋሼ የግራሶውን ቆርቆሮ ይዞ ደረሰ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"እየፈታሁ።"

"ወላሂ እያጠበቅክ ነው! የዚህ መኪና የግራ ጎማ የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ነው።"

ባሌ መጀመሪያ ዳዶውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ደሜ ፈልቶ ነበር። የተናገርኩትን በኑዌርኛ ስለተናገርኩት ጋሼ አልገባውም፤ ባሌ ግን አንገቱን ደፋ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል" አለ ጋሼ። "እናንተ ቤት ግን የሚቸኩለው ወንዱ ነው።" ያን ጊዜ አልሳቅኩም፤ አሁን ሳስታውሰው ነው የምስቀው።

ጥርሱ ወደ ግራ የተቀረጸ ቡሎን በየመለዋወጫ ሱቁ ጠየቅን፤ ሁሉም ጋ ያለው የቀኙ ነው። ማታር ያሉ ዘመዶች ጋ ብደውል ኔትወርክ የለም። አንድ ጥግ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሼ ይህን ሲያይ ወደ ሁለተኛው መኪናው ሄደ። ያኛውም ተመሳሳይ መኪና ነው፤ ዲማ ላሉ ወርቅ ቆፋሪዎች ዱቄትና ዘይት ጭኖ ሊነሳ ነው፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ተቀምጧል።

"ውረድ" አለው፤ "ቡሎንህን ልንወስድ ነው።"

"ኧረ ጋሼ፣ ዲማ እየጠበቁን ነው!"

"ወርቅ ቆፋሪ መጠበቅ ለምዷል። የእሷ እናት ናት የማትጠብቀው።"

ጋሼን የዚያን ቀን እንደ አባቴ ወደድኩት።

ጎማውንና ከጀርባው ያለውን ታምቡር አውርደው የተቆረጡትን ቡሎኖች በመዶሻ አስወጡ፤ ከዲማው መኪና የወለቁትንም በቦታቸው መትተው አስገቡ። ኩሽኔታዎቹን ጋሼ ለባሌ ሰጠው፤ "ይህ ቅጣትህ ነው" ብሎ። ባሌ በናፍጣ አጠባቸው፤ መዳፉ ላይ ግራሶ ቆልሎ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው እስኪወጣ ድረስ እየጫነ ሞላቸው። የአናጢ እጅ ነውና ጋሼም አመሰገነው። መጨረሻ ላይ ግን የመሃሉን ትልቅ ዳዶ እንዳመሉ ጥርቅም አድርጎ ሲያስር ጋሼ እጁን ያዘው።

"ትንሽ መልሰው። ኩሽኔታ እንደ ወንበር አይደለም፤ ካፈንከው ይቃጠላል።"

ባሌ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር አውቆ አላልቶ ተወ። ፊቱን ላየው አንጀት ይበላ ነበር።

የተነሳነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጋሼ በየመሃሉ እየቆመ ወርዶ ጎማው ሞቆ እንደሆነ በመዳፉ ይዳብሳል፤ ዳዶዎቹን ይፈትሻል፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ማታር ስንገባ ገበያው ተበትኗል። የቀረው የዓሣ ቅርፊትና ላስቲክ ብቻ ነው። መኪናው ሳይቆም ወርጄ ወደ ወንዙ ሮጥኩ።

እናቴ ዳር ላይ፣ ጓዟ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ወደ ጀልባው። ስታየኝም አልተነሳችም።

"ባለጀልባው ሁለት ጊዜ ጠራኝ" አለች።

ስለ ጎማው፣ ስለ ቡሎኑ ልነግራት ጀመርኩ። አልሰማችኝም። ጓዟን አንስቼ ስሸከመው ጨርቁ ተከፍቶ ውስጡ ታየኝ፤ የትምባሆ ጋያዋ፣ ድስቷ፣ የሟች አባቴ ብርድ ልብስ። ክረምት ልታሳልፍ የመጣች ሴት ድስት አትይዝም።

"እማ፣ ቤቱንስ?"

"ለጎረቤት ሰጠሁት።"

"እና ባልደርስ ኖሮ ወዴት ነበር የምትመለሽው?"

"ደረስሽ አይደል?" አለችና ከእኔ ቀድማ ወደ መኪናው ሄደች።