በፊውዙ ቦታ የታሰረ ሽቦ

ታናሽ ወንድሜን የኤሌክትሪክ ሙያ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል።

አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ መብረቅ ሲመታ የሚያይለውን ኤሌክትሪክ የሚመክት መከላከያ ስንገጥም፣ ከፊቱ የሚቀመጠውን ፊውዝ መርጬ አሳየሁት።

"አቅሙ ካነሰ በየነጎድጓዱ ይበጠሳል። ከበዛ ደግሞ መከላከያው የተበላሸ ቀን ኃይሉን ሳይቆርጥለት የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ይነድዳል።"

"ገብቶኛል፣ ወንድም ጋሼ።"

ዝናቡ ሲገባ ፊውዙ ተበጠሰ። መከላከያው ተበላሽቶ ነበርና ፊውዙ ሥራውን ሠራ። ሁለቱንም እንዲቀይር ወንድሜን ላክሁት። "ጨርሻለሁ" አለኝ። አመንኩት፤ ወንድሜ አይደል?

ብዙም ሳይቆይ ሳጥኑ ነደደ። ባለ ዳቦ ቤቷ ስታፋጥጠን፣ ያ ጉደኛ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ፊውዙን የመረጠው እሱ ነው!" ብሎ በጣቱ ጠቆመኝ።

የከሰለውን ሳጥን ከፈትኩት። መከላከያው ያው አሮጌው ነው፤ በፊውዙ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በኋላ የሚከፍተውን ሰው እንዳይወጋው፣ ልክ እንዳስተማርኩት።

ለጣቴስ አስቦልኛል።