ያልተቀነሰችው አሥር ሴንቲሜትር

ሰፈሩ ሁሉ «አሥሩ» ነው የሚለው። በሁለት ቀን ውስጥ አሥር ዓይነት ውድድር ያለበትን ዴካትሎን በወጣትነቱ አሸንፎ የአገር ሻምፒዮን ሆኗላ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አሥሩንም እኩል አይችልም ነበር፤ ምርኩዝ ዝላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላል፣ የመጨረሻዋን ሺህ አምስት መቶ ሜትር የሚጨርሳት ደግሞ እየተራገመ ነው። ቢሆንም ቀጮ የሚባለውን ጓደኛውን በአሥራ አንድ ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያች ዋንጫ በስታዲየሙ አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ፣ ትዳር ያዘ፣ ልጆች አሳደገ። ዛሬ ጡረታ ወጥቶም አዳዲስ የሜዳ ዳኞች ሲመጡ እሱን ነው የሚጠሩት።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በርዝመት ዝላዩ አሸዋ ዳር ቆሞ የሜትር አያያዝ ያሳያል።

«ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ቢያጋጥማችሁ አሥር ላይ ትይዙታላችሁ። ማዶ ሆኖ የሚያነበው ሰው አሥሯን ይቀንሳል። ከረሳ ለዘላዩ አሥር ሴንቲሜትር መረቀለት ማለት ነው።»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። በእንግድነት የመጡት ሽማግሌ ዳኛ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። ሥልጠናው ሲያበቃ እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«ዋንጫውን የወሰድክ ጊዜ፣ ርዝመት ዝላዩ ላይ ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉት። «ከሁሉም መጨረሻ የዘለልካት ሦስተኛዋ ዝላይህ ላይ ጫፉ ተቆረጠብኝ። አሥር ላይ ያዝኩት። ለምታነበው ልጅ መናገሬን ግን እንጃ። አሁን አንተ ስታወራ ነው ብልጭ ያለብኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን እያሉኝ ነው?»

አሥሩ ክው አለ። የቀሩት ሁለት ዝላዮቹ መስመር ረግጦ የተሰረዙበት ነበሩ፤ የተቆጠረችለት ያቺ ብቻ ናት። አሥር ሴንቲሜትር ደግሞ ወደ ሃያ አራት ነጥብ ትመነዘራለች። በልቡ ደጋግሞ አሰላው፤ ባሰላው ቁጥር ቀጮ አሸነፈው። ይባስ ብሎ፣ ያን ቀን ማዶ ሆና ያነበበችው ልጅ ዛሬ ሚስቱ ናት።

ቤት ሲገባ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት። ቆሞ ነገራት።

«አውቃለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«በሳምንቱ ያን ሜትር እንደገና ስይዘው ጫፉ መቆረጡን አይቼ ገባኝ። ገና አልተጋባንም ነበር። ሄጄ ለቀጮ ነገርኩት፣ አቤቱታ ያስገባ ብዬ። ‹እኔ የአባቴ ጋራዥ አለኝ፣ እሱ ከዚህች ዋንጫ ሌላ ምን አለው? ተይው› አለኝ። አስማለኝም።»

የተጣጠፈው ልብስ ላይ ዘጭ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበላው እንጀራ የቀጮ እንጀራ ነበር። በሚስቱ ይናደድ ወይስ በራሱ ይፈር ግራ ገባው። የማታ ማታ ስልኩን አንስቶ ለቀጮ ደወለ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለው። «ነገ ፌዴሬሽን ሄጄ አስተካክላለሁ።»

«እንዳታደርገው!» አለ ቀጮ። ሲቆጣ ሰምቶት አያውቅም። «ይህን ሁሉ ዘመን አፌን ይዤ የኖርኩትን በአንድ ጠዋት ልታፈርስብኝ ነው? አርፈህ ተቀመጥ።»

አሥሩ ስልኩን ሊዘጋ ካለ በኋላ፣

«ግን እኮ ያሸነፍከው አንተ ነህ» አለው።

ከወዲያ በኩል የስድሳ ዓመቱ ቀጮ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ተሰማው።