ያልደረቀው ማስቲሽ

በቺሎዌ ደሴት እየጠለቁ የሚበላ ዛጎል በሚለቅሙ ሰዎች ዘንድ የዶኛ ኤርሚንዳ ስም ከቄሱ ስም ቀድሞ ይጠራል። በዚያ አጥንት በሚሰብር ባሕር ጠላቂውን ከብርድ የሚያድነው ጥቁሩ የሰው ሠራሽ ጎማ ልብስ ነው፤ ሲቀደድ የምትጠግነውም እሷ ናት። ማስቲሹን በሁለቱም በኩል ቀብታ፣ ጣት መያዙን እስኪተው ትጠብቃለች፤ የምታገናኘውም ያን ጊዜ ነው። የሚያጣድፋትን «እናትህ አንተን ዘጠኝ ወር ጠብቃለች፤ አንተ ማስቲሽ መጠበቅ አቃተህ?» ትለዋለች።

እንደ ደሴቱ ልማድ የጎረቤት የእንጨት ቤት እንዳለ በበሬ እየተጎተተ ወደ ባሕሩ ዳር የተዛወረ ዕለት ግን ራሷ ቸኮለች። ዝናብ ስለነበር ማስቲሹ አልደርቅ አለ። መንደሩ ገመድ ይዞ ሲጮህ፣ ለጎታቾቹ የተደገሰው ሥጋ ሲሸታት ጊዜ አላስቻላትም፤ የኖልቤርቶን ልብስ ብብቱ ላይ እርጥቡን አጣብቃ ሄደች።

ኖልቤርቶ በሚስቱ አባት በዶን ኤላዲዮ ጀልባ ላይ ገና ለሙከራ የገባ ጠላቂ ነው። በማግስቱ ከንፈሩ ጠቁሮ እየተንቀጠቀጠ ከባሕሩ ወጣ። ብብቱ ተከፍቶ ውኃ ገብቶበታል። ምን ሆንክ ሲሉት ድንጋይ ቀደደብኝ አለ።

ዶን ኤላዲዮ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልብሱን መያዝ ያላወቀ ልጄን እንዴት ሊይዝልኝ ነው? ከእንግዲህ ድንቹን ይኮትኩት» አለ። ሰዉ ሳቀ። ዶኛ ኤርሚንዳ እዚያው ነበረች፤ ዱቄቷን አንስታ ወጣች። ምላሷን ያሰረው ያ የተከበረ ስሟ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ለባለቤቱም አይበጅም።

ከሰዓት በኋላ ኖልቤርቶ ልብሱን ይዞላት መጣ፤ እንደ ልማዱ የሚያመጣላትን ዛጎልም አላስቀረባትም። ልብሱን ገልብጣ አየችው። ቅድ የሚባል ነገር የለም፤ የተላቀቀው የሷው ማጣበቂያ ነው፣ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቀና ስትል ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ዶኛ ኤርሚንዳ፣ ዛሬም ዝናብ ነው። አይቸኩሉ» አላት ቀስ ብሎ።

ምነው በሰደበኝ አለች በልቧ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በነጋታው ማስቲሹን በደንብ አድርቃ የጠገነችውን ልብስ ታቅፋ ጀልባው ዘንድ ወረደች። ጠላቂዎቹ ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ኖልቤርቶ ራቅ ብሎ ዳር ላይ ተቀምጧል።

«ዶን ኤላዲዮ፣ ድንጋይ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ድግሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ እርጥቡን አጣበቅሁት። እሱ ድንጋይ ያለው እኔን ሊሸፍን ነው።»

ዶን ኤላዲዮ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ኖልቤርቶን ልብሱን እንዲለብስ ነገረው። የተቆጣት ሰው አልነበረም። ጠላቂዎቹ ግን አንድ በአንድ፣ እሷን ሳያዩ፣ ብብታቸውንና ጉልበታቸውን፣ የጠገነችላቸውን ሁሉ፣ በጣታቸው እየጫኑ ይፈትሹ ጀመር።

እስኪጨርሱ ድረስ ቆማ ጠበቀች።