በፍላቂት ኩርባ ላይ የሠራነው የእግር መንገድ

በደርግ ዘመን፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ከወልዲያ እህል ጭኜ ወደ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ፤ ስመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶዬን ነበር የምመጣው። ባዶ መኪና ደግሞ መፍጠን ይወዳል። ፍላቂትን በዚያ ሁሉ ምልልስ ሻይ ጠጥቼ የማልፍባት ከተማ አድርጌ እንጂ ሰው የሚኖርባት አድርጌ አስቤያት አላውቅም ነበር።

አንድ የሐምሌ ጠዋት አገሩን ጉም ሸፍኖት ነበር። ከከተማዋ መውጫ ላይ አንድ ኩርባ አለ፤ በአንድ በኩል የተቆረጠ ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ቦይና ቁልቁለት። ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን ረስቼው ነበር። ኩርባውን እንደያዝኩ ገብስ የጫኑ አህዮች ከጉሙ ውስጥ ፊት ለፊቴ ወጡ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። አህዮቹን አተረፍኳቸው፤ በዚያኛው ዳር በብስክሌት ይመጡ የነበሩትን ሰውዬ ግን በመኪናው ጎን ገጨኋቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት መሸሽን ነው። ሾፌሮች እርስ በርሳችን የምንመካከረው ሰው የገጨ ቶሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መንዳት አለበት፣ አለዚያ ሕዝቡ አይለቀውም እያልን ነበር። አህዮቹ ግን መንገዱን ሞልተውታል፤ ማለፊያ አልነበረኝም። ስለዚህ ወረድኩ።

ሰውዬው ቦይ ውስጥ ተቀምጠው እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ሪዛቸው የሸበተ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። ኋላ እንደሰማሁት የከተማዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በፍላቂት ብስክሌት ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የሰፉትን ሱሪና ቀሚስ ከኋላቸው አስረው ከገበያ ገበያ ይዞሩበታል። ገበያተኛው ከብቦኝ፣ አንዱም ኮሌታዬን ጨብጦኝ ሳለ ከቦዩ ውስጥ ድምፃቸው ተሰማ።

«እሱን ተዉት። መጀመሪያ እኔን አንሱኝ።»

በራሴው መኪና ወጌሻ ዘንድ ወሰድናቸው። ወጌሻዋ እግራቸውን ዳሰሰችና የተሰበረው ቅልጥማቸው መሆኑን ነገረችን፤ በቀርከሃ አሰረችው፤ ሁለት ወር እንዳይቆሙበትም አስጠነቀቀች።

በማግስቱ ሽምግልናው በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አንድ ቄስና አንድ አዛውንት ነጋዴ በስፌት መኪናው ዙሪያ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ወልዲያ ወስደው ሊያሳስሩኝ ፈልገው ነበር። ቄሱ ግን የተጎዳው ሰው ይናገር አሉ። ልብስ ሰፊው እኔ ብታሰር እግራቸው ቀድሞ እንደማይድን ተናገሩ። በዚያ ኩርባ አምና አንዲት በቅሎ ሞታለች፤ እናቷ በቀሚሷ ጎትታ ያተረፈቻት ሕፃንም ነበረች። እሳቸው የሚፈልጉት እግረኛም ብስክሌትም የሚሄድበት ከመንገዱ የተለየ ዳር ነው። ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንን ኩርባ በእግርህ ሄደህበት ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሂድበትና ተመለስ።»

ሄድኩ። ያ ስንት ጊዜ የነዳሁበት ኩርባ በእግር ሲሄዱበት ረጅም ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ መሸሻ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ጀርባዬን ከቋጥኙ ጋር አጣብቄ ቆምኩ። መኪናው በክንድ ርቀት አልፎ ከእግሬ እስከ ራሴ በጭቃ ለወሰኝ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፤ ጓደኛዬ ነው። እሱ ግን አላየኝም። ከአጠገቤ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች እንደ እኔው ተለጥፈው ነበር፤ መኪናው ሲያልፍ ምንም ሳይናገሩ ሸክማቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔን ያስደነገጠኝ የነሱ ዝምታ ነው።

ጭቃዬን እንደተሸከምኩ ተመልሼ ባዶዬን በመጣሁ ቁጥር ከወንዙ አንድ መኪና ድንጋይ እንደማመጣ ቃል ገባሁ። የአካባቢው ገበሬዎች ድንጋዩን ሊክቡት ተስማሙ። ሊቀመንበሩ ያለ አውራጃ ትእዛዝ የመንግሥት መንገድ መንካት ያስጠይቃል ብለው ፈሩ፤ በዚያ ዘመን ፍርሃታቸው የሚያስቅ አልነበረም። ቄሱ የሚነካው መንገዱ ሳይሆን ዳሩ ነው ብለው አግባቧቸው። ሊቀመንበሩም በመዝገባቸው ላይ የልማት ሥራ ብለው ጻፉት። ወልዲያ ያለው አለቃዬም የሆነውን ሁሉ ስነግረው ጭነት እንዳላዘገይ ብቻ አስጠንቅቆ ተወኝ።

የመጀመሪያው ሥራችን ተበላሸ። ድንጋዩን ቦዩ ላይ ከመርነው፤ አንድ የነሐሴ ዝናብ ሲጥል ውሃው መውጫ አጥቶ መንገዱ ላይ ወጣና እስከ ጉልበት የሚያስገባ ጉድጓድ ቆፈረ። ቄሱ በማሳቸው እርከን የሚሠሩ ሰው ስለነበሩ ጥፋታችንን ወዲያው አዩት። ሁሉንም አፍርሰን ለውሃው በቋጥኙ ሥር አዲስ መሄጃ ቀደድንለት፤ ካቡን ከቁልቁለቱ በኩል እንደገና ጀመርነው። ሲያልቅ ደግሞ ሰው አልሄደበትም። ለምን እንደሆነ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነገረችኝ፤ ድንጋዩ እግር ይወጋል፣ አህያም እሺ ብሎ አይረግጠውም። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ትቼ ገረጋንቲ፣ ደቃቅ ጠጠር ያለበት አፈር፣ ማመላለስ ያዝኩ። ሴቶቹ ራሳቸው በአካፋ እየበተኑ በእግራቸው ጠቀጠቁት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊው በምርኩዝ ወደ ሱቃቸው መውጣት ጀመሩ። አንድ ጉም የበዛበት ጠዋት መኪናዬ ላይ አውጣኝ አሉኝ። እኔ ከታች ስደግፍ፣ ሊቀመንበሩ ከላይ ሲስቡ ተጋግዘን አስቀመጥናቸው። ኩርባውን ቀስ ብዬ ያዝኩት። አንገታቸውን አስግገው በመስታወቱ ውስጥ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ዳሩ የቱ ጋ ነው?»

«እዚያው ነው፣ ጋሼ። በጉም ጊዜ ለእኛም አይታየንም።»

በዚያው ቅጽበት ነጠላ የለበሰች ሴት ከመኪናው አፍንጫ አጠገብ ብቅ አለች። መንገዱ ላይ የነበረችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነበርኩ ሳላውቀው ወደ እሷ ዳር የተጠጋሁት። አቆምኩ። ልብስ ሰፊው እጄን ያዝ አደረጉ። በሳምንቱ ኖራ አስመጥተው የዳሩን ድንጋዮች አንድ በአንድ ነጭ አስቀቧቸው። ከዚያ ወዲህ ጉሙ ምንም ቢከብድ የነጩ መስመር ጫፍ ይታየን ጀመር።

ሌሎቹን ሾፌሮች ጋሸና ሻይ ቤት ባገኘኋቸው ቁጥር ለመንኳቸው፤ ከኩርባው በፊት ጡሩምባ አሰሙ፣ ቀስ በሉ፣ ባዶ ከሆናችሁም ገረጋንቲ ይዛችሁ እለፉ። ያላገጡብኝ ነበሩ። ያ በጭቃ የለወሰኝ ጓደኛዬ ግን ያን ቀን ቋጥኙ ላይ የተለጠፍኩት እኔ መሆኔን ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ፤ በሳምንቱ ገረጋንቲ ጭኖ መጣ።

ጥር ላይ ልብስ ሰፊው ብስክሌታቸውን አስጠግነው ወጡ። እግራቸው ትንሽ ያነክሳል፤ አቀበት ላይ ወርደው ይገፋሉ። በኩርባው ላይ ግን በአዲሱ ዳር፣ እንጨት ከተሸከሙ ሴቶች ኋላ፣ ደወላቸውን እያቃጨሉ ሲሄዱ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ጡሩምባዬን በቀስታ ነካሁት፤ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱልኝ። ያን ቀን እስከ ወልዲያ ስዘፍን ሄድኩ።

በዓመቱ የኮን ሰዎች ለራሳቸው መንገድ ምክር ፈልገው መጡ። መሐንዲስ ያለ መስሏቸው ነበር። ልብስ ሰፊውን በመኪናዬ ይዣቸው ሄድኩ። ኮን እንደደረስን ከኪሳቸው የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን አወጡ፤ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥተው ሌላውን ይዘው ወደ ቦዩ ማዶ ተሻገሩ።

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አሉኝ። «ሸክም የያዙ ሁለት ሴቶች ሳይነካኩ መተላለፍ አለባቸው።»