ቦዩን ማን ደፈነው?

የያዙኝ ልምምድ ላይ ነው። ካዛንቺስ ባለች አንዲት ጠባብ አዳራሽ የቴአትሬን የመጨረሻ ትዕይንት ከተዋናዮቼ ጋር እየሠራን ሳለ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡና «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። አቤት አምስት ደቂቃ! ሲመሽ ቂርቆስ ባለ አንድ ጣቢያ፣ ሽንት ሽንት በሚል ክፍል፣ በሰው እግርና በሰው ራስ መካከል ተጋድሜ ነበር።

ወንጀሌ ቴአትሩ ነው። አንድ የሰፈር ሹም አለ፤ ሠራተኛ፣ ሰፈሩን የሚወድ። ግን አንድ ክፉ አመል አለበት፤ «ተሳስተሃል» ያለውን ሰው ዓይኑን ማየት አይፈልግም። አጥሩን ለማስፋት ብሎ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ያስደፍናል። መሐንዲሱ ተው ይለዋል፤ ያባርረዋል። ሚስቱ ትለምነዋለች፤ ይቆጣታል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መሄጃ አጥቶ የገዛ ቤቱ ይገባና አንድ ልጁን ይወስድበታል። በቃ፣ ይኼው ነው።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር። ማን እንዳጻፈኝ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«ሹም በራሱ ጥፋት አይወድቅም። ቦዩን ጠላት ይድፈነው። ይቺን ካስተካከልክ ቤትህ ትገባለህ።»

«ታዲያ ሰውዬው ምን አጠፋ?»

«ምንም! ምንም አላጠፋም።»

«እንግዲያው ቴአትር የለም» አልኩት።

ደሜ ፈልቶ ነበር። ወደ ክፍሉ ስመለስ ግን ሚስቴ ትዝ አለችኝ፤ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።

ክፍላችን አንድ ልማድ ነበራት። ከምሳ በኋላ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ ማለቴ ነው፣ አንድ ሰው ያስነሣሉ፤ የተነሣው ያየውን ፊልም ከነድብድቡ ይተርካል። ሲኒማችን ያ ነበር። ካቦው ቄራ ሥጋ ይነግዱ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ነገሬን ሲሰሙ አዘኑልኝ።

«ልጄ፣ ቀይርላቸው፤ ምን ቸገረህ? ሚስትህ ብቻዋን ልታምጥ ነው?»

«ጋሼ፣ ከቀየርኩት የሹሙን ልጅ ማን ገደለው ልበል?»

«እሱስ...» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

የፊልሙ ነገር መርማሪው ጆሮ ደርሶ ኖሮ፣ በማግስቱ ምሳ እንደተበላ በሩን አስከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ተራው የደራሲው ነው። ተርክላቸው። እንዳልኩህ አድርገህ ከጨረስክ ዛሬውኑ ሚስትህ ጋ ነህ።»

ተነሣሁ። አልዋሽም፣ እሺ ልል ነበር። ሹሙን ሆኜ ተንጎራደድኩ፤ መሐንዲሱን ሆኜ ለመንኩ። ክረምቱ ሲገባ እስረኞቹ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ዝናቡን አዘነቡልኝ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ጎርፉ ደጃፍ ሲደርስ ወደ መርማሪው አየሁ። ራሱን ነቀነቀልኝ፤ በል እንግዲህ ጠላትን አምጣው ማለቱ ነው። የሚስቴ ፊት መጣብኝ። ግን ከየት ላምጣው? እዚያ ቴአትር ውስጥ እኮ ጠላት የሚባል ሰው የለም!

ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክኩ።

«ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተው ያሉኝን ያባረርኩ እኔ ነኝ። ልጄን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ቆመ። ካቦው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የመርማሪው እርጋታ ድራሹ ጠፋ። «አንተ ደረቅ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ልትፈታ ምን ቀረህ? መዘዙን የጠራኸው አንተው ነህ! ማንም አልነካህም፤ የገዛ እልህህ ነው የጣለህ!»

«ተመስገን» አልኩት። «አሁን ቴአትሩ ገባህ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በጥፊ አጮለኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ። የክፍሉን ሳቅ ግን ማስቆም አልቻለም።

ልጄን ያየኋት ከወራት በኋላ ስፈታ፣ ጥርስ አውጥታ ነው። ያንገበግበኛል፤ የምናደደው ግን ባሰሩኝ ሰዎች እንጂ በራሴ አይደለም። ሚስቴን አንድ ቀን «ቀይሬው ብመጣ ይሻልሽ ነበር?» አልኳት። «ብትመጣማ እሰየው ነበር» አለችኝ፤ «ግን ስትነጫነጭ ዕድሜ ልኬን ልሰማህ ነው?»

ቴአትሩ እስከ ዛሬ መድረክ አልወጣም። ፈቃድ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር መጨረሻውን ትንሽ እንዳለዝበው በትሕትና ይመክሩኛል። አመስግኜ እወጣለሁ። በዓመቱ ያንኑ ይዤ እመለሳለሁ።